ሎይድ የጻፈው ቁጥር

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

ዛሬ ቢጫዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሎስት ክሪክ መሮጫ ላይ ለቀቅኳት። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ሳቅ በሳቅ የሆንኩበትን ቀን ግን አላስታውስም። አራት መቶ ስልሳ የፈረስ ጉልበት! ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ አንዲት ብሎን አልተፈታችባትም። ዘጠኝ ዓመት በግንባታ ዕቃ መደብሩ ቀለም ስበጠብጥ ኖሬ የገዛኋት የራሴ መኪና። እስከ ዛሬ የምሮጠው በባሌ በሎይድ አሮጌ ፒክአፕ ነበር፤ እሱ መኪና ነበር ከተባለ። አረንጓዴው ሲበራ ወንበሩ ጀርባዬን እንደ ቂመኛ አማት ገፋኝ። ሩብ ማይል፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ ከምናምን፣ አለቀ። ስመለስ ጉንጬ ከሳቅ ብዛት አሞኛል።

ታዲያ ደስታዬን ማን ያበላሽብኝ? ግሌን ስታውት። ኢንሹራንስ የሚሸጠው፣ የሰማያዊ መኪናውን ሞተር ሦስት ክረምት ሲፈታና ሲገጥም የኖረው። በሰው ሁሉ ፊት፣ "ቬርና፣ የነዳችው እኮ መኪናዋ ናት። አንቺ ቦርሳሽን ይዘሽ ተቀምጠሽ ነው የመጣሽው" አለኝ። ሳቁ።

"ያንተስ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ስንት ብሎን ነበራት? አሁንማ ግማሹ በኪስህ ነው" አልኩት። ለእኔም ሳቁልኝ። ቃሉ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ቦርሳ ያዥ!

ሰኞ፣ ሜይ 6፣ ምሳ ሰዓት

አንዲት ደንበኛ ለሕፃን ክፍል ቀለም ልትገዛ መጥታ፣ ክንድሽ የት ነው እንዲህ በፀሐይ የተጠበሰው አለችኝ። እኔን መጠየቅ ቧንቧ መክፈት ነው። ነገርኳት። ከመሮጥሽ በፊት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅብሽ ገምተሽ መስታወትሽ ላይ በነጭ የጫማ ቀለም ትጽፊያለሽ። ቀርፋፋዋ መኪና በልዩነቱ ልክ ቀድማ ትለቀቃለች። ቀድማ መስመሩን የረገጠች አሸነፈች። ግን ከጻፍሽው ቁጥር በሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ ከፈጠንሽ ተሸነፍሽ።

"ስለ ፈጠንኩ ልሸነፍ?"

"ስለ ፈጠንሽ አይደለም እመቤቴ፣ ስለ ዋሸሽ ነው።"

ስቃ ሁለት ጋሎን ሰማያዊ ገዝታ ሄደች።

የእኛን ቁጥር የሚጽፈው ባሌ ሎይድ ነው። ሎይድ አየር ያነባል። ሙቀቱንና እርጥበቱን በትንሿ መለኪያው ያያል፣ ጥቁር ደብተሩን ያገላብጣል፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። በ1998 የበጋውን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ስሙን በመሮጫው ማማ ግድግዳ ላይ ጽፈውለታል፤ አሁንም አለ። ወገቡን ታሞ የውድድሩን መሪ ለእኔ ከለቀቀ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፦ እኔ ቁጥር አልጠይቅም፣ እሱ መሪ አይነካም። ሃያ አንድ ዓመት አንዳችን የአንዳችንን አጥር አልዘለልንም።

ዘንድሮ ከስሙ ሥር ስሜን እፈልጋለሁ። የየቅዳሜው ነጥብ ተደምሮ ሻምፒዮናው የሚያልቀው ኦገስት 10 ነው። ግሌን ደግሞ ይቅርና ስሜን፣ ቦርሳዬን እንኳ እንዲያልፍ አልፈቅድለትም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

ተሸነፍኩ። መስታወቱ ላይ 12.38፤ ከማማው የሰጡኝ የሰዓት ወረቀት ላይ 12.33። ከቁጥሬ ፈጥኜ! እንደ ጀማሪ!

የግራው መስመር ሰዓት ተበላሽቷል። ማማው ላይ ወጥቼ ማይክሮፎን ላይ የሚያወራውን ቡችን፣ "ሰዓትህ ሰክሯል" አልኩት።

"ሰዓት አይሰክርም ቬርና፣ ሰው ነው የሚሰክር።"

"እንግዲያውስ ማን እንደጠጣ ፈልግ!"

ሎይድ የሰዓቱን ወረቀት አራቀው፣ አቀረበው፣ ወደ ፀሐይ አዞረው። "መነጽሬ መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ አንብቢልኝ" አለኝ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። ተናድጄ ስለነበር እሱንም አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ሜይ 24

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሎይድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የቁጥር 14፣ ሃያ አንድ ዓመቱ። ልጆቹ በእጃቸው የሠሩትን ካርድ ሰጡት። "በጣም ያምራል" ብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈው። ሲለጥፈው ተዘቅዝቆ ነበር፤ እኔ አቃናሁት።

መደብር ውስጥ ሁለት እናቶች ከብሩሹ መደርደሪያ ጀርባ ሲያወሩ ሰማኋቸው። "አውቶቡሱን አሁን አሁን እንደ ሬሳ መኪና ነው የሚነዳው። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያረፍዳል።" ዘልዬ ልወጣባቸው ነበር። በቀስታ የሚነዳ ሹፌር ይወቀሳል? ቢከንፍ ደግሞ ይከሱታል! የጤና ወረቀቱ እስከሚመጣው ማርች ያገለግላል። ማንም ምንም ሊለው አይችልም።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ማን ምን አለው?

ቅዳሜ፣ ጁን 8

አሸነፍኩ! አሸነፍኩ! አሸነፍኩ!

አምስት ዙር። አየሩ ልክ እንዳለፈው ሳምንት ነበር፣ ሎይድ መለኪያውን ሳያይ ቁጥሩን በቃሉ ጻፈ። ግሌን በሦስተኛው ዙር ወጣ። ማንም ሲያወራኝ አልሰማም፣ ጆሮዬ ውስጥ ገና ሞተሯ አለ።

ረቡዕ፣ ጁን 12

ሎይድ የማላውቀው ጠባይ አመጣ። ሳወራው ፊቱን ዘወር አድርጎ በጎን ያየኛል፤ እንደ ዶሮ። ጥሬ ላይ ያለች ዶሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። ራት ላይ፣ "ምን ሠርቼህ ነው እንዲህ የምትገላምጠኝ?" አልኩት።

"ማን ገላመጠሽ?"

"አንተ ነህዋ! ከሠላሳ ዓመት በፊት ስታገባኝ ፊት ለፊት ነበር የምታየኝ።"

ሳቀና ጨው ጨመረ። ስኳር ነበር። ድንቹን ዝም ብሎ በላው። ወንድ ሲኮራ ስኳር ያለበት ድንች ይበላል።

እሑድ፣ ጁን 16

ሎይድ የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን ገጨ። የራሱ ጥፋት ነው፤ የጎረቤቱን ማለቴ ነው። ሳጥኑን መንገድ ውስጥ ነው የተከለው። ሄጄ ነገርኩት። "ቬርና፣ ይሄ ሳጥን እዚህ ከተተከለ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው" አለኝ። "አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መጥፎ ቦታ ነበር ማለት ነዋ!" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። ሎይድ መነዳት ደስ ይለኛል ይላል። ይበል።

ቅዳሜ፣ ጁን 29

የአየር መለኪያው ተበላሽቷል። ሎይድ ሰማንያ ሦስት ዲግሪ ፋራናይት ነው አለ፣ እኔ በትከሻው አልፌ ሳየው ሰማንያ ስምንት ነው። ቁጥሩን አልጠየቅኩም። ሕግ ሕግ ነው። መለኪያው ሲበላሽ ግን ምን ይደረጋል? በሁለተኛው ዙር ወደቅኩ።

ሌላ መለኪያ ገዛሁለት። ቁጥሩ እንደ ግድግዳ ሰዓት ትልቅ የሆነ። ዋጋው ስለ ወረደ ነው ያን የመረጥኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ግሌን አሸነፈኝ። መስታወቱ ላይ 12.25 ተጽፎ ነበር፤ ቢጫዋ በዚህ ሙቀት 12.25ን በሕልሟም አትነካትም። እየዘገየሁ ደረስኩ። ስመለስ የጎኔ መስታወት ላይ ሮዝ የሴት ቦርሳ አንጠልጥለዋል። ግሌንና ግብረ አበሮቹ።

"የረሳሽው መስሎን ነው" አለ።

ምን እንዳልኩት አልጽፍም፤ ይህ ደብተር ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ሰው ያነበዋል። ቦርሳውን ግን አልመለስኩም። የኋላ ወንበር ላይ ጣልኩት። ይቆይ።

ሎይድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ "ምንድነው የሚስቁት?" አለኝ። ከፊቱ አሥር እርምጃ ላይ ነበር ሮዙ ቦርሳ።

"ምንም" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

ዛሬ በጣም ተናድጃለሁ። 

ሎይድ ፒክአፑን ከጥላ ወደ ጥላ ሊያዛውር ተነሳ። ልከልክለው ነበር፤ ግን ቢጫዋን እየጠረግኩ ነበር። የቡች ሚስት ማርጅ የበረዶ ሳጥኗን እየጎተተች ከፊቱ ታልፋለች። ቀይ ቀሚስ ለብሳ! ቀይ! ጮኸች፣ ጮኽኩ፣ ቆመ። በመሀላቸው የቀረው አንድ ክንድ ነው። በረዶው ሁሉ ተደፋ።

እኔ ማርጅን ተሳደብኩ። "ሰው በሚነዳበት መሀል ምን ትንቀራፈፊያለሽ?" አልኳት። ማርጅን! ሠርጌ ላይ ኬክ የጋገረችልኝን። በረዶውን ከሣሩ ላይ እየለቀመች ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ጁላይ 14

እኅቴ ዳርሊን መጣች። ማርጅ ነግራታለች። በዚህ ከተማ ወሬ ከቢጫዋ ይፈጥናል።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ተናገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ፣ "ኬሲ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። የምትሳፈረው በቁጥር 14 ነው" አለች። ኬሲ የልጅ ልጇ ናት፤ ስድስት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ።

"ሃያ አንድ ዓመት አንድ ልጅ አልተጫረበትም!" አልኳት።

"አውቃለሁ ቬርና።"

"የጤና ወረቀቱ እስከ ማርች ነው!"

"ወረቀቱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ከቤቴ አስወጣኋት። የገዛ እኅቴን። በሩን በኃይል ስዘጋው ማቀዝቀዣው ላይ ያለው የልጆቹ ካርድ ወደቀ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

ለዳርሊን አልደወልኩላትም። እሷም አልደወለችም።

ሁለት ጊዜ ቀለም አበላሸሁ። ነጭ የተባለውን ክሬም አደረግኩት። አለቃዬ፣ "ቬርና፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?" አለኝ። "ዓይኔ ምንም አልሆነም!" ብዬ ስጮህ ደንበኞቹ ሁሉ ዞሩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

እንደገና አሸነፍኩ። ሎይድ በጠዋት ተነሥቶ የሬዲዮውን የአየር ወሬ ሦስት ጊዜ ሰማ፣ ደብተሩን ሳይከፍት ጻፈ። ልክ መጣ። እኔና ግሌን በነጥብ እኩል ሆንን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛል። በእርግጥ ደስ ብሎኛል። ቢጫዋ ዛሬ እንደ ድመት ነበር የምታንጎራጉረው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

ዝናብ። ውድድር የለም።

ሎይድ ሲያሸልብ ጥቁሩን ደብተር ከፈትኩት። የእሱን አጥር ስዘል የመጀመሪያዬ ነው። እስከ አምናው መስመሩ እንደ በቆሎ ተራ ቀጥ ያለ ነው። ከዚህ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ቁጥሩ እየተለቀ፣ እየተለቀ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ... በሜይ ውስጥ የሁለት ቀን ቁጥር አንድ መስመር ላይ ተጽፏል፤ አንዱ በሌላው ላይ።

ዘግቼ እንደነበረ መለስኩት።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው ኦገስት 12 ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 3

የዛሬው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ። ወደቅኩ። ግሌንም ወደቀ። በነጥብ አሁንም እኩል ነን፤ ሻምፒዮናው የሚለየው በመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ምሬት ምሬት ይለኛል። ማርጅ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ አጸፋውን አልሰጠሁም፤ አፍሬ ነው፤ ያፈርኩት ደግሞ አናደደኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 9

እነግረዋለሁ። ከነገ በኋላ። ነገ ካለቀ በኋላ።

ዳርሊን ብትሆን፣ "ለምን ዛሬ አይሆንም?" ትለኝ ነበር። ዛሬ ከነገርኩት ነገ ቁጥር አይጽፍም። ቁጥር ካልጻፈ እኔ... አየሽ ቬርና? አየሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ? ስለ ግድግዳው ስም ነው። አይ፣ ስለ ግድግዳው ብቻ አይደለም። ሰኞ አውቶቡስ የለም፣ ቅዳሜ ቁጥር የለም፤ ታዲያ ሎይድ ጠዋት ለምን ይነሣል? ስለዚህ ነው። እውነቴን ነው፣ ስለዚህ ነው።

ግማሹ ስለዚህ ነው።

እሑድ፣ ኦገስት 11

የትናንቱን ዛሬ ነው የምጽፈው። ትናንት ብዕር መያዝ አልቻልኩም።

ፍጻሜው ከግሌን ጋር ደረሰን። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት፣ አስፋልቱ ይጤሳል። ቀበቶዬን ታጥቄ ተሰልፌአለሁ። ሎይድ መለኪያውን በጎን አየ፣ በጎን አየ፣ ከዚያ ከኋላ በኩል ባለው መስታወት ላይ ሲጽፍ የጫማ ቀለሙ ስፖንጅ ሲጮህ ይሰማኛል።  ግሌን ከመኪናው ወርዶ መጣ፣ መስታወቴን አየ፣ ጎንበስ አለ።

"ሃምሳ ሦስት? ቬርና፣ ሎይድ የጻፈው ሰዓትሽን ነው ዕድሜሽን?"

ግብረ አበሮቹ አስካኩ። 12.53 ማለቱ ነው። ቢጫዋ በዚያ ሙቀት የምትሮጠው 12.33 ነው፤ ሕፃንም ያውቃል። መስመሩ ላይ ከቁጥሬ በሃያ መቶኛ ሰከንድ ፈጥኜ እንደ ውሸታም መባረሬ ነው። ጨርቁ ሎይድ እጅ ላይ ነው። ማጥፋት ይቻላል። ከፊታችን ያሉት የሌላ ምድብ መኪኖች እስኪለቀቁ ድረስ ጊዜ አለ። ግን ሁሉም ቆሞ ያያል፤ ሎይድ ሲያጠፋ፣ ወይ እኔ ወርጄ የባሌን እጅ ጽሑፍ ስጠርግ።

ሎይድ ወደ መስኮቴ ቀረበ። ፊቱ ነጭ ሆኗል። በሹክሹክታ፣ "ቬርናዬ፣ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?" አለኝ።

በሕይወቱ ጠይቆኝ አያውቅም።

"ልኩን" አልኩት። "ሂድ ጥላ ያዝ።"

ዋሸሁት። ከዚያ ለግሌን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ቁጥሩ የሎይድ ነው። አንተ የራስህን ጠብቅ፣ ብሎንህን ቁጠር!" አልኩት። ፊቱ ላይ የመጠራጠር ነገር መጣ። ሎይድ ስታክሃውስ ቁጥር አይስትም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ግሌን እያየኝ ሄደ።

የግሌን ቁጥር 11.60 ነው። ስለዚህ እኔ ቀድሜ ለቀቅኩ። እንዲህ ተናድጄ መኪና ነድቼ አላውቅም። በግሌን፣ በማርጅ ቀይ ቀሚስ፣ በዳርሊን፣ በፖስታ ሳጥኑ፣ በሎይድ። እግሬን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። በኋላ ማሳያው ሰማያዊው መኪና ይመጣል፣ ግን መቅረብ ያለበትን ያህል አልቀረበም፤ እኔ ከቁጥሬ እየፈጠንኩ ነዋ። ግሌን ሁልጊዜ ትንሽ ይደብቃል፤ ከሚችለው አዝግሞ ይጽፍና መጨረሻ ላይ ፍሬን ይዞ ያስተካክላል። አሁን ግን ራቅኩበት፣ ደነገጠ፣ የደበቀውን ሁሉ አወጣ። ድምፁን ሰማሁት። መስመሩ ሊደርስ ሲል እግሬን አንሥቼ ፍሬኑን ረገጥኩ። ቢጫዋ አፍንጫዋን ደፋች። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሮዝ ቦርሳ በጆሮዬ ሥር በርሮ የፊት መስታወቱን መታው። ግሌን በአጠገቤ እንደ ጥይት አለፈ፤ ፍሬን መያዣ ጊዜ አልነበረውም።

የእሱ 11.58። ውሸታም!

የእኔ 12.54። የአሸናፊው መብራት በእኔ በኩል በራ።

ቡች ማይክሮፎኑ ላይ ጮኸ፤ "የሎይድ ቁጥር! ሃያ መቶኛ ደብቆ ግሌንን ያስበላው የሎይድ ቁጥር!" ሰው ሁሉ ሎይድን ጀርባውን ይመታዋል። "አንተ ቀበሮ! አንተ አሮጌ ቀበሮ!" ሎይድ በከንፈሩ ይስቃል። ግሌን መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። "ነዳሻት" አለ፤ ይህችን ቃል ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው ነው የተፋት። ቦርሳውን ሰጠሁት። "የረሳኸው መስሎኝ ነው" አልኩት። ይህችን ለመበቀል አንድ ወር ጠብቄአለሁ፤ ስትደርስ ግን ጣዕም አልነበራትም።

ወደ ቤት ስንመለስ በበቆሎው መሀል፣ "ስንት ነበር?" አለኝ።

"ሃምሳ ሦስት።"

"ሠላሳ ሦስት ነበር የፈለግኩት።"

"አውቃለሁ።"

የመኪናዋን ፍጥነት ቀነስኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከገና።"

ከገና! መኪናዋን ጥግ አስያዝኩና ጮኽኩ። ከገና እስከ ሜይ፣ ሰባ ልጅ ጭነህ! በረዶ ላይ! ለምን አልነገርከኝም?

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እኔ ቁጥር አልጠይቅማ!"

እንዲህ ብዬ ሰማሁት፣ የራሴን ድምፅ።  ፊቴን በመሪው ላይ ደፋሁ። እሱ ቀስ ብሎ ነገረኝ። "መሀሉ ነው የጠፋኝ። ዳር ዳሩን አያለሁ፣ መሀሉ ጥቁር ነው። መንገዱን በቃሌ ነበር የምነዳው፣ ድልድዩን በድምፁ፣ ልጆቹን በስማቸው እየጠራሁ እቆጥር ነበር። አንቺን ፊት ለፊት ካየሁሽ ፊት የለሽም።"

ዶሮ ብዬው ነበር። ይህን ሁሉ በጋ ዶሮ።

ዛሬ ጠዋት ሎይድ ራሱ ለአውቶቡስ ኃላፊዋ ደወለ። እኔ ልደውል ብዬ ስልኩን ብይዝ ከእጄ ወሰደው። አጭር ነበር። "ዓይኔ ነው። ነገ አልነዳም። ከዚያም በኋላ አልነዳም" አለ። ቁልፉን ወስደን ሰጠን። ሐሙስ የዓይን ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። ማርጅ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ "ቀይ ያምርብሻል" አልኳት፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ። ዳርሊን ስልኩን በአንድ ጥሪ አነሳች። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ ስለ ኬሲ አዲስ ጫማ አወራችልኝ።

ቡችም ደወለ፣ ስሜን ግድግዳው ላይ ሊጽፍ። "ፊደሉን ትልቅ አድርገው" አልኩት። "እንዲህ ኮራሽ?" አለኝ። "አዎ ኮራሁ፣ ምን አገባህ! በጣም ትልቅ አድርገው። የሎይድንም እንደገና ጻፈው፣ ያኛው አንሷል። ቀለሙን እኔ በጥብጬ አመጣለሁ።"

ሰኞ፣ ኦገስት 12

ለሥራ ስወጣ ሎይድ በረንዳው ላይ ቆሟል። እንደ ልማዱ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ጫማውን አስሮ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቁጥር 14 መጣ። አዲስ ሴትዮ ናት የምትነዳው። ኬሲ በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች፤ "እጇን እያወዛወዘችልህ ነው" አልኩት፣ እሱም በአውቶቡሱ ድምፅ አቅጣጫ አወዛወዘ። መታጠፊያው ላይ ፍሬኑ ጮኸ።

"ሴትዮዋ ፍሬን አዘግይታ ነው የምትይዘው" አለ።

"እንደ እኔ?"

"እንዳንቺማ አዘግይቶ የሚይዝ አልተወለደም።"

ሳቅኩ፤ ከዚያ ወዲያው ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ገና አላወቅኩም። ሎይድ ሊያየኝ አንገቱን ወደ ጎን ዘወር ማድረግ ጀመረ። "ቆይ፣ አትዙር" አልኩት። ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ዞርኩና ዳሩ ላይ፣ እሱ በሚያይበት በኩል ቆምኩ።